የበረራ አስተናጋጆች ዕረፍት፦ ዘጠኙ ሰዓት ለምን አሥር ሆነ?

ብዙ መንገደኛ የበረራ አስተናጋጆችን ሥራ ምግብና መጠጥ ማደል አድርጎ ይገምተዋል። ሕጉ ግን አውሮፕላን ውስጥ እንዲኖሩ የሚያስገድደው በሌላ ምክንያት ነው። አንድ ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከመውጫዎቹ ግማሾቹ ብቻ ቢያገለግሉ እንኳ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ባዶ መሆን እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። መንገደኛውን በዚያ ፍጥነት የማስወጣት፣ እሳት የማጥፋትና ልቡ ለቆመ ሰው በቅድሚያ የመድረስ ኃላፊነት የአስተናጋጆቹ ነው። ስለዚህ አንዲት አስተናጋጅ በሁለት በረራዎች መካከል ምን ያህል ተኝታለች የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ደንብ እስከ 14 ሰዓት ለሚደርስ የሥራ ጊዜ ቢያንስ 9 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። አየር መንገዱ ቀጣዩን ዕረፍት 10 ሰዓት ካደረገው ግን የመጀመሪያውን ወደ 8 ዝቅ ማድረግ ይፈቀድለት ነበር። ስምንት ሰዓት ሲባል ለጆሮ በቂ ይመስላል። እስቲ እንቁጠረው። ዕረፍቱ የሚጀምረው ሠራተኛዋ ከሥራ ከተለቀቀችበት ደቂቃ እንጂ አልጋ ላይ ከወጣችበት አይደለም። ሰርቪስ መጠበቅ፣ ወደ ሆቴል መጓዝና ክፍል መረከብ አንድ ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ መብላትና መታጠብ ሌላ አንድ ሰዓት፤ ማለዳ ተነሥቶ ለብሶ ተመልሶ ለመድረስ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። የሚተርፈው አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ያውም ጎን እንዳረፈ እንቅልፍ ከመጣ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አቅራቢያ 50 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ከደረሰ በኋላ የአብራሪዎች ድካም ብዙ ያነጋገረ ሲሆን፣ ከጥር 2014 ጀምሮ ለአብራሪዎች 10 ሰዓት ዕረፍትና በውስጡም 8 ሰዓት ያልተቆራረጠ የመኝታ ዕድል ተደነገገ። በዚያው አውሮፕላን የሚሠሩት አስተናጋጆች ግን በቀድሞው ደንብ ቀሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2018 ለእነርሱም ሊቀነስ የማይችል 10 ሰዓት እንዲሰጥ በሕግ ቢያዝዝም፣ የአቪዬሽን አስተዳደሩ የመጨረሻውን ደንብ ያወጣው በጥቅምት 2022 ነው። አውሮፓ ከየካቲት 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ለአብራሪም ለአስተናጋጅም አንድ ነው፦ ከመደበኛ መቀመጫቸው ውጭ ሲሆኑ 10 ሰዓት ወይም ካለፈው የሥራ ጊዜ ጋር እኩል የሆነ ዕረፍት፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፤ በውስጡም ለጉዞና ለሰውነት ፍላጎት ከሚያስፈልገው ጊዜ ሌላ 8 ሰዓት ለመኝታ። በእኔ አስተያየት ይህኛው አቆጣጠር ከሐኪም ዕውቀት ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ የጉዞውን ጊዜ ከእንቅልፉ ለይቶ ይቆጥራልና።

ይሁን እንጂ የሰዓቱ ብዛት ብቻውን እንቅልፍን አያመጣም። በአንጎላችን ሃይፖታላመስ ውስጥ የሚገኘው የሰውነት ሰዓት በብርሃን እየተስተካከለ የሜላቶኒንን መመንጨትና የሰውነትን ሙቀት ይመራል። ዙሩ ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚበልጥ ቀኑ የሚረዝምበት የምዕራብ ጉዞ ከምሥራቁ ይቀላል። በክረምታቸው ወራት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች አስተናጋጅ በዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትደርስ፣ ለሰውነቷ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ድካሙ ቢጫናትም ሰውነቷ ለመኝታ አልተዘጋጀም፤ ጥቂት ሰዓት አሸልባ ትነቃለች። በአንጻሩ የሰውነት ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት በሚቆጥረው ጊዜ ንቃት እጅግ ይወርዳል። (ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የአውሮፕላን ውስጥ ከፍታ ከ2,400 ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ የሰፈሯ አየር ነው።)

ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት የሰውን ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያደርገዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ያሳየው ነው፦ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ችሎታቸው ሁለት ሌሊት ጨርሶ እንዳልተኛ ሰው ቢዳከምም፣ ራሳቸውን የሚያውቁት ጥቂት እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ለምጄዋለሁ» የሚለው የታካሚ ቃል ማስረጃ ሊሆነን አይችልም።

እንዲህ ያለች ታካሚ ወደ ክሊኒካችን ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ከማዘዛችን በፊት ያለፉትን ሰባት ቀናት የሥራ መርሐ ግብር ከእንቅልፏ ጋር አስተያይተን ብንጽፍ ብዙ ነገር ይገለጣል። ቡና መቼ እንደምትጠጣም እንጠይቅ፤ የካፌይን ግማሽ ዕድሜ 5 ሰዓት ያህል ሲሆን የእርግዝና መከላከያ እንክብል በምትወስድ ሴት በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ዳያዜፓም ከአንድ ቀን በላይ በደም ውስጥ ስለሚቆይ ለነገ በረራዋ ሌላ አደጋ ነው፤ ያለ ማዘዣ የሚገዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደሉም። ቆይታዋ ከሁለት ቀን የማይበልጥ ከሆነ በአገሯ ሰዓት መተኛትና መብላት፣ ክፍሉን ማጨለም፣ ከሥራ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ከእንክብሉ ይሻላታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሐኪም ፈገግ ሊል ይችላል። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ቀኑን በተመላላሽ ክፍል ውሎ ይህን የሚመክር እርሱ ራሱ ነውና።

አንድ ነገር ግን በእጃችን አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የተቀበለው የድካም ቁጥጥር ሥርዓት የሚሠራው ድካም በስሙ ተመዝግቦ ሲቀርብ ነው። ታካሚዋ ሥራዋን ፈርታ «ጉንፋን ብለው ይጻፉልኝ» ስትለንና እኛም አዝነን ስንጽፍ፣ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሰው በዚያ ሳምንት ማንም አልደከመም ብሎ ያምናል።