የጥሪ ካርድ ሲደርስዎ

ደብረ ማርቆስ ለትልቅ ድግስ እንግዳ አይደለችም። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ፣ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ መናገሻቸው ነበረች። በዘመኑ የቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ አጋፋሪው እንግዳውን በየማዕረጉ ያስገባል፤ መኳንንቱ ሲነሡ ወታደሩ ይተካል። ተራው ሰው ወረፋው ቢዘገይም ከማዕዱ ይደርሰው ነበር።

ዛሬ የአጋፋሪውን ቦታ የጥሪ ካርድ ይዞታል። የምረቃ እራቱ፣ የገቢ ማሰባሰቢያው ምሽት፣ የሆቴል ሠርጉ መምህሩንም ነጋዴውንም ይጠራል። አንዳንዱ ግን «ምን ለብሼ?» ብሎ ይቀራል፤ ሌላው ለአንድ ምሽት ልብስ ብድር ይገባል። ሁለቱም አያስፈልጉም። ንጹሕ የሀበሻ ቀሚስ ከነጠላ ጋር፣ ወይም በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝና ኮት የትኛውም አዳራሽ ያስገባል። የነጠላዎ ጥለት ወደ ላይ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ፤ የሐዘን አለባበስ ነውና።

መምጣት አለመምጣትዎን አስቀድመው ያሳውቁ። ካርዱ ለሁለት ሰው ከሆነ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ይቆዩ። ስጦታዎም የወሩን አስቤዛ የሚነካ አይሁን። በማግስቱ ደግሞ ለጋባዥዎ ደውለው ያመስግኑ።