ጎረቤት ሳይረበሽ የሚደመጥ ሙዚቃ

በቶኪዮ ከተማ ዮዮጊ በሚባለው አካባቢ፣ ከመኖሪያ ቤቶች መካከል የተወሸቀች አንዲት አሮጌ የእንጨት ቤት ነበረች። አትሱሂሮ ኢቶ የተባለ አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2000 ቤቷን ጋለሪ አደረጋት፤ ስሟንም ኦፍ ሳይት አላት። የሥነ ጥበብ ሥራ ይታይባት፣ አንዳንድ ምሽት ደግሞ ሙዚቃ ይቀርብባት ነበር። ጥቂት ሰው ከገባ ትሞላ ነበር። ግድግዳዋ ስስ፣ ጎረቤቶቿም ቅርብ ስለነበሩ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጫወት የማይታሰብ ነበር።

ይህ ችግር ለአንዳንድ ሙዚቀኞች በረከት ሆነ። ቶሺማሩ ናካሙራ፣ ታኩ ሱጊሞቶና ቴትሱጂ አኪያማ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ባር ውስጥ የኢምፕሮቫይዜሽን ምሽቶችን ጀምረው ነበር። ኦፍ ሳይት ስትከፈት ወደዚያ ተዛወሩ። ዝቅ ያለ ድምፅ ይፈልጉ የነበሩት እነዚህ ሰዎች የሚመቻቸውን ቤት አገኙ።

ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት አስቀድሞ ያልተጻፈና ያልተጠና፣ እዚያው በታዳሚ ፊት የሚፈጠር ሙዚቃ ነው። አዝማሪ ከታዳሚ በተቀበለው ሐሳብ ላይ ወዲያው ስንኝ ሲያወጣ የሰማ ሰው ነገሩ አይርቀውም። አዝማሪው ግን የሚደገፍበት ቅኝትና ምት አለው። በኦፍ ሳይት ምሽቶች ቅኝትም ምትም አስቀድሞ አይወሰንም ነበር። የሚቀረው ድምፁ ራሱና እርስ በርስ መደማመጥ ነበር።

የናካሙራን መሣሪያ፣ ሚክሰርን፣ እንውሰድ። ሚክሰር ከማይክሮፎንና ከሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ ተቀብሎ ወደ ስፒከር ይልካል። ናካሙራ ግን ምንም መሣሪያ አያገናኝበትም፤ ከሚክሰሩ መውጫ የሚነሳውን ኬብል መልሶ በራሱ መግቢያ ላይ ይሰካዋል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ደካማ የኤሌክትሪክ ሹክሹክታ እየዞረ ይጎላል፤ ማይክሮፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚሰማው ጩኸት የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው። ማዞሪያዎቹን በጥቂቱ ሲነካቸው ጩኸቱ ወደ ቀጭን ፉጨት፣ ወደ እምምታ ወይም ወደ ትክትክታ ይለወጣል። ማሽኑ ሁልጊዜ አይታዘዝም። ስለዚህ ተጫዋቹ እያዳመጠ፣ ማሽኑ በሰጠው ላይ ተመሥርቶ ይቀጥላል።

ሳቺኮ ኤም የተባለችው ሙዚቀኛ ደግሞ ሳምፕለር ትጫወታለች። መሣሪያው የተቀዳ ድምፅ አስቀምጦ መልሶ ለማሰማት የተሠራ ነው፤ እሷ ግን ባዶውን ትጠቀምበታለች፤ የምታሰማው ለመሞከሪያ ተብሎ በውስጡ የተቀመጠውን ቀጭን፣ የማይወላውል ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ፣ አንዱ ቦታ ላይ ይበረታል፣ ሌላው ላይ ይደክማል። አድማጩ ጭንቅላቱን ትንሽ ሲያዘነብል የሚሰማው ነገር ይለወጣል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የሚሰሙት አንድ አይደለም ማለት ነው።

ሱጊሞቶ በጊታሩ ጥቂት ኖታ ያሰማና ለረጅም ጊዜ ዝም ይል ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከውጭ የሚመጣው የመንገድ ድምፅ ይገባ፣ የምሽቱም አካል ይሆን ነበር። ለዚህ አቀራረብ መንገድ የጠረጉ ቀደም ብለው ነበሩ። አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ፒያኖ ተጫዋቹ ለ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አንድም ኖታ የማይነካበትን ሥራውን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ኤኤምኤም የተባለው የኢምፕሮቫይዜሽን ቡድን በለንደን የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

ዜማ ጠብቆ የሚገባ ሰው በእንዲህ ያለ ምሽት መሰላቸቱ አይቀርም። ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ትቶ አሁን ምን አለ ብሎ ከጠየቀ ግን ጆሮው ይነቃል። ይህ ሙዚቃ ግማሹን ሥራ ለአድማጩ የሚተወው ከልቡ ስለሚያከብረው ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦፍ ሳይት እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘጋች። ሙዚቀኞቹ በሌሎች መድረኮች ቀጠሉ፤ በዚያች ቤት የተቀረጹ ሥራዎችም በሲዲ ወጥተው ከጃፓን ውጭ ተደመጡ። ይህን ሁሉ ለመሥራት ትልቅ አዳራሽም ውድ መሣሪያም አላስፈለገም። የሚደማመጡ ሙዚቀኞች፣ ለመስማት የመጡ ጥቂት ሰዎችና አንድ ክፍል በቁ። እነዚህ ሦስቱ የማይገኙበት ከተማ ደግሞ የለም።