የምናስተምረው ቁልፉን ነው ወይስ ሙያውን?

ልደታ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ፣ አራት አምስት ኮምፒውተር ደርድራችሁ ሶፍትዌር ለማስተማር አስባችሁ ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነው። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ አቤቱታ የሚጽፈውም፣ መርካቶ ሒሳብ የሚይዘውም ትምህርቱን ይፈልገዋል። ነገር ግን ንግድ ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እንጠይቃችሁ፦ የምታስተምሩት ቁልፉን ነው ወይስ ሙያውን?

ፕሮግራም ይለወጣል። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ፒችትሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴጅ 50 ተባለ። ዴቢትና ክሬዲትን የተረዳ ሰው በዚህ አይቸገርም፤ የቁልፉን ቦታ ብቻ የሸመደደ ግን ግራ ይጋባል። የአማርኛ ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ያስቀምጡት ስለነበር፣ ጽሑፉ ፕሮግራሙ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሻገር የማይነበብ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ይህን ያላስረዳ መምህር ምን አስተማረ?

እኛ በመምህርነታችን እንዳየነው፣ ተማሪ የሚያውቀው በእጁ ሲሠራ ነው። ስለዚህ የአንድ ሱቅ የወር ሒሳብ ወይም አንድ ሙሉ ማመልከቻ ራሱ ሠርቶ ይጨርስ። ላልቻለ የምስክር ወረቀት አትስጡ። እናት ከጉሮሮዋ ነጥቃ የከፈለችው ገንዘብ በእጃችሁ ያለ አማና ነውና።