ከዒድ በኋላስ ማን ይመጣል?



ረመዷን ሲጋመስ በየመስጊዱ የወጣት ጀመዓዎች መዋጮ ይጀምራሉ። ለየቲሞች ልብስ ይገዛል፣ ቴምርና ብስኩት ይታሸጋል፣ መኪና ይለመናል፤ በዒዱ ሰሞን ወደ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ይኬዳል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልሻም። ነገር ግን በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉ ዘጠኝ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች «ክረምቱን በማሳደጊያ ገብተን በነፃ ማገልገል እንፈልጋለን፣ ምን ይመክሩናል?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ከልብስና ከብስኩት የጠለቀ መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ያልኳቸውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ከእቅፉ እንጀምር። ማሳደጊያ የሄደ ሰው ሁሉ የሚደነቅበት አንድ ነገር አለ። ገና ከበሩ ሲገባ ልጆቹ ሮጠው እግሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ስሙን አያውቁም፤ ግን «ጋሼ እቀፈኝ!» ይሉታል። እንግዳው ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ «እንዴት ወደዱኝ!» ይላል። ለመሆኑ በእናቱ ቤት የሚያድግ የሦስት ዓመት ሕፃን እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይሸሸጋል፤ አጮልቆ ያያል፤ ከቆየ በኋላ ነው የሚቀርበው። ለመጣው ሁሉ የሚዘረጋ እጅ ብዙ ጊዜ የፍቅር ብዛት ምልክት አይደለም። «የእኔ» የሚለውን ሰው ያጣ ልጅ ምልክት ነው።

ይህን የልጆችን ጠባይ ያጠኑ ሊቃውንትም ደርሰውበታል። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ጥናት ተጀምሮ ነበር። በማሳደጊያ ይኖሩ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ተሰጡ፤ የቀሩት እንደተለመደው ቀጠሉ። ከዓመታት በኋላ ሲታይ ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም ሆነ ከሰው ጋር በመግባባት ተሽለው ተገኙ፤ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከማሳደጊያ የወጡት። በማሳደጊያ የቀሩትም ቢሆኑ አልጋና ምግብ ነበራቸው። ያጡት ማታ ያስተኛቸው ሰው ጧትም ሲቀሰቅሳቸው ማየትን ነበር።

እንግዲህ በዚህ ላይ የፈቃደኛውን መመላለስ አስቡት። ወደ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ጋና ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወጣቶች ለሁለትና ለሦስት ሳምንት እየመጡ፣ ለዚህም ለአስጎብኚ ድርጅት ገንዘብ እየከፈሉ በማሳደጊያ ያገለግላሉ። ብዙዎቹ ቅን ልብ ያላቸው ናቸው። ለወጣቱ ያ የሁለት ሳምንት ትዝታ ነው፤ ለልጁ ግን በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው መለያየት እንደሆነ ማን ይቆጥርለታል? ከዚህም የከፋ አለ። እንግዳ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ እንግዳውን ለመሳብ ሲባል ልጆችን ከወላጆቻቸው እያሰባሰቡ ማሳደጊያ የሚሞሉ ሰዎች ይፈጠራሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የፈቃደኝነትና የጉብኝት ጉዞ የሚያስከትለውን ጉዳት መንግሥታት እንዲከላከሉ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

«ወላጅ የሌለው የት ይግባ ታዲያ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሕፃናት አድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ካሉ አምስት ልጆች ቢያንስ አራቱ እናታቸው ወይም አባታቸው፣ አለዚያም ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ አመልክቷል። ልጁን ወደዚያ የወሰደው በአብዛኛው ድህነት ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ሕመም፣ የደብተር ዋጋ። ሩዋንዳ ይህን ተረድታ እ.ኤ.አ. በ2012 ማሳደጊያዎችን ደረጃ በደረጃ እየዘጉ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስ እቅድ አጽድቃለች። በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው ፕሮግራም መጠሪያ ራሱ «ልጆችን በቤተሰብ ውስጥ እናሳድግ» ማለት ነው። ሀገራችንም በጥር 2010 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ልጆችን ለውጭ ሀገር ጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከልክላለች። ክልከላው ጥሩ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቆየን፤ ልጆቹ ግን የእኛ ኃላፊነት ሆነዋል።

ለሙስሊም ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆንበት አይገባም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸው የሞተው ሳይወለዱ ነው፤ እናታቸው አሚናን ያጡት በስድስት ዓመታቸው ነው። አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ወሰዷቸው፤ እርሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቧቸው። ከቤት ወደ ቤት፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ተሸጋገሩ እንጂ ቤት አልባ አልሆኑም። መርየምንም ያሳደጓት ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) መሆናቸውን ቁርኣን ይነግረናል። «ከፋላ» የምንለው ይኸው ነው፤ የሰውን ልጅ በቤት ውስጥ በኃላፊነት መያዝ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብት ስምምነት እንኳ በ20ኛው አንቀጽ ላይ ከፋላን በስሙ ጠርቶ ተቀብሎታል።

በከፋላ የልጁ ስም አይነካም። ዘይድ «የሙሐመድ ልጅ» ይባል የነበረው፣ በአሕዛብ ሱራ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ከታዘዘ በኋላ ወደ ሓሪሳ ልጅነቱ ተመልሷል። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በማሳደጊያ ለልጆች እንደ ቀልድ አዲስ ስም የሚያወጡ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እናትሽ ነኝ» የሚሉ እንግዶች አሉ። የልጅቱ እናት ምናልባት ሁለት ሰፈር አልፎ ልብስ እያጠበች ትኖር ይሆናል።

በሀገራችን ስለ ማሳደጊያ ሲነሳ አበበች ጎበናን አለማንሳት አይቻልም። እምነታቸው ክርስትና ነው፤ ውለታቸው ግን የሁላችን ነው። ወሎ በረሃብ በተመታች ጊዜ ለንግሥ ሄደው ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ባለቤታቸው «እኔን ወይም ልጆቹን ምረጪ» ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ። በ2013 እስኪሞቱ ድረስ ከልጆቹ አልተለዩም። ሁላችንም እንደርሳቸው እንሁን ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ለሁሉ አይሰጥምና።

ለተማሪዎቼ ታዲያ «አትሂዱ» አላልኳቸውም፤ አካሄዳችሁን አስተካክሉ አልኳቸው። በመጀመሪያ ማሳደጊያው የመንግሥት ፈቃድ እንዳለውና ልጆቹን ወደ ዘመድ ለመመለስ የሚሠራ ሠራተኛ እንዳለው ጠይቁ። ማንነታችሁን ሳይጠይቅ፣ ተያዥ ሳይፈልግ እጁን ዘርግቶ የሚቀበላችሁን ቤት ግን ጠርጥሩት፤ እናንተን እንዲህ ያስገባ ሌላውንም ያስገባልና። ሁለተኛ፣ የክረምቱን ሁለት ወር ለዓመት ዘርጉት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት። ልጅ ቀን መቁጠር ያውቃል። ፎቶ አታንሱ፤ «እወስድሃለሁ» አትበሉ።

ሥራውስ? ከሁሉ የሚበልጠው ሞግዚቶቹን ማሳረፍ ነው። በአንድ ማሳደጊያ የሚሠሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለውኛል፦ «ኡስታዝ፣ እንግዳ ሁሉ ሕፃን ማቀፍ ነው የሚፈልገው። እኔ ምስሩን ስለቅም፣ የሽንት ጨርቁን ሳጥብ ልጁ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ይዞራል። ማታ የሚያለቅሰው ግን እኔ ዘንድ ነው። ጨርቁን ቢያጥቡልኝ እኔ አቅፈው ነበር።» ከዚህ በላይ ምክር ከመጽሐፍም አላገኘሁም። እናንተ እጠቡ፣ ልቀሙ፣ ውኃ ቅዱ፤ እሳቸው ይቀፉ። ለትልልቆቹ ደግሞ የቤት ሥራ ማስረዳት፣ ማንበብ ላቃተው ፊደል ማስቆጠር አለ። አራተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ የተሳነው ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት የማይቀር ሰው ቢያገኝ ብዙ ይለወጣል፤ ይህን እንደ መምህር አይቻለሁ።

ከዘጠኙ ሦስቱ በዚህ መልክ ለዓመት ፈርመው ገቡ። ስድስቱ ሌላ መንገድ መረጡ፤ በሰፈራችን የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሮጊቶች አሉ፤ ከእነርሱ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። አንዷ አያት ሦስት ልጆች ይዘው ኪራዩ ስለከበዳቸው ትንሿን ማሳደጊያ ለማስገባት ደጅ ይጠኑ ነበር። ጀመዓው የዒዱን መዋጮ ከፍሎ ለኪራዩ በየወሩ እንዲሰጥ ተስማማ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ልጆቹን ያስጠናሉ። ትንሿ አሁን «ለ»ን ከ«ሰ» ለይታለች፤ «ሐ» እና «ኀ» ለምን ሁለት እንደሆኑ ግን አጥብቃ ትጠይቃለች፤ መልሱን ለእኔ አስተላልፈውልኛል።