ተኝታ ያገኛችኋትን ጉጉት ተኝታ ተዉአት

የአንድ ጥሩ የጉጉት ፎቶ ዋጋ ስንት ነው? የትራንስፖርቱን፣ የመግቢያውን፣ የአስጎብኚውን ክፍያ ደምሩት። ሒሳቡ ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ኢኮኖሚክስ ውስጥ «ኤክስተርናሊቲ» የሚባል ነገር አለ፤ ባጭሩ አንዱ ይጠቀማል፣ ወጪውን ምንም ያልተጠየቀ ሌላ ይከፍላል። የዱር ጉጉት ፎቶ ላይ ከፋይዋ ብዙ ጊዜ ራሷ ጉጉቷ ናት።

ባሌን እንውሰድ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዲንሾ ነው። እዚያው ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ «አሲዮ አቢሲኒከስ» የምትባል ጉጉት አለች። የስሟ ሁለተኛ ክፍል «የአቢሲኒያ» ማለት ነው። አናቷ ላይ ጆሮ መስሎ የቆመው ላባ ነው። ሌሊት ታድናለች፣ ቀን ቅርንጫፍ ላይ ትተኛለች። ቀለሟ ከዛፉ ቅርፊት ጋር ስለሚመሳሰል ሥሯ ቆማችሁም ላታዩዋት ትችላላችሁ። የአካባቢው አስጎብኚዎች ግን የምታርፍበትን ዛፍ ያውቁታል፤ እንጀራቸው ነዋ።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ «ዓይኗን ትክፈትልኝ» ሲል ነው። ያጨበጭባል፣ ጠጠር ይወረውራል፣ ወይ ከስልኩ የጉጉት ድምፅ ይከፍታል። እሷም ትበራለች። ቀን የወጣች ጉጉትን ትንንሽ ወፎች ከበው ይጮሁባታል፤ ጩኸቱ ደግሞ ሌላ አዳኝ ሊጠራባት ይችላል። ለሌሊት አደን ያቆየችው ጉልበት በከንቱ ያልቃል። ነገሩ ከተደጋገመ ዛፉን ትታ ትሄዳለች። ያኔ አስጎብኚውም ነገ ለሚመጣው እንግዳ የሚያሳየው የለውም።

ታዲያ እንዴት እናንሳት? መጀመሪያ ፊቷን አንብቡ። ዓይኗ ከተጨፈነ ወይም ግማሽ ከተከፈተ ተመችቷታል። ሰውነቷን ቀጥ አድርጋ ከቀጠነች፣ የ«ጆሮ» ላባዋን ካቆመችና ካፈጠጠችባችሁ ግን «በቃ» እያለቻችሁ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ፍላሽ አጥፉ። የስልክ ዙም ከሩቅ ምስሉን ያበላሸዋል፤ ከመጠጋት ይልቅ የስልኩን ካሜራ የባይኖኩላር ወይም የቴሌስኮፕ መመልከቻ ላይ ግጠሙት። መጀመሪያ ቢያስቸግርም ትለምዱታላችሁ። ደኑ ውስጥ ብርሃን ትንሽ ነው፤ እሷ ግን ስለማትንቀሳቀስ ፎቶውን የሚያደበዝዘው የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ነው። ስልኩን አስደግፉና በ3 ሰከንድ ታይመር አንሱ።

ከዚያ ፖስት ታደርጋላችሁ። ሎኬሽኑን ግን አጥፉ። የወፍ ተመልካቾች ያዩትን የሚመዘግቡበት ኢበርድ እንኳ አንዳንድ ጉጉቶች የታዩበትን ትክክለኛ ቦታ ለሁሉም አያሳይም። «ባሌ» ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል። ዛፉን ማየት የፈለገ ለአስጎብኚው ከፍሎ ይየው።

አዎ፣ ዓይኗን አፍጥጣ የምታይ ጉጉት ከተኛችው የበለጠ ላይክ ታመጣለች። ግን በየሰፈራችን ጉጉት ስትጮህ «ክፉ ልታወራ ነው» ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ አሁንም አለ። ለእሱ ከምታፈጥ ጉጉት ይልቅ ኮሶ ላይ ተለጥፋ እንቅልፏን የምትለጥጥ ወፍ ብታሳዩት ይሻላል። ክፉ ወሬ ይዛ የመጣች አትመስልም፤ የሌሊት ሽፍት ጨርሳ የገባች ሠራተኛ ነው የምትመስለው።