አዛኑን ላልሰማው ሕፃን፦ ጆሮን ከስልክ ጥበብ ያገናኘ የዶክትሬት ጥናት

በየቤታችን ልጅ ሲወለድ ከምናስቀድማቸው ነገሮች አንዱ በቀኝ ጆሮው አዛን ማድረግ ነው። አባት ወይም አያት ጨቅላውን ታቅፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደዚህች ዓለም በመጣበት ቀን የአላህን ስም ያሰማዋል። ሁላችንም ሕፃኑ እንደሰማ እናስባለን። ግን ባይሰማስ? ወራት አልፈው በር በኃይል ሲዘጋ የማይደነግጥ፣ እናቱ ስትጠራው የማይዞር ሆኖ ቢገኝስ? በብዙ ቤት መጀመሪያ “ልጁ ረጋ ያለ ነው” ይባላል። ቀጥሎ “አፉን ለመፍታት ዘገየ” ይባላል። እውነቱ ሲታወቅ ደግሞ አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁን ከእንግዳ ዓይን መሸሸግ ይጀምራል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፋችን ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ስለ ደከሙ ተመራማሪዎች እንነግራችኋለን። “ዶክትሬት” የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰን ማዕረግን፣ ካባንና በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀትን ነው። የሕክምናና የመገናኛ ምህንድስና ጥናት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። ዶክትሬት ማለት አንድን ጥያቄ ይዞ፣ ሌላው ሲሰለች ሳይሰለቹ፣ ለሰው የሚጠቅም መልስ እስኪገኝ ድረስ መታገል ነው።

የጆሮ ድንቅ አሠራር

ቁርኣን አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ የሰጠውን ጸጋ ሲያወሳ በብዙ ቦታ መስማትን ከማየት አስቀድሞ ይጠቅሳል። የውስጥ ጆሯችንን የተመለከተ ሰው በዚህ ጸጋ ይደነቃል። ኮክሊያ የሚባለው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠቀለለ ነው። ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ 15 ሺህ የሚሆኑ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ቀጭኑ ድምፅ በቅርፊቱ መግቢያ፣ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ በውስጠኛው ጫፍ ይለያል። ሕዋሳቱ የድምፁን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጠው በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ያደርሳሉ።

እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። አንዳንዱ ልጅ ከነጉድለቱ ይወለዳል። ሌላው እንደ ማጅራት ገትር ባለ በሽታ ያጣቸዋል። ሆኖም ሕዋሳቱ ጠፍተውም የመስማት ነርቩ ሳይሞት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ተመራማሪዎቹን ያነሳሳቸው ጥያቄም ይህ ነበር፦ መልእክተኛው ሲሞት መንገዱ ክፍት ከቀረ፣ በዚያ መንገድ ሌላ መልእክተኛ መላክ ይቻል ይሆን?

ስልክ ሠሪዎች ያቆዩት ዕውቀት

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሁለት ጆሮዎቹ የብረት ዘንግ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ቢለቅበት እንደሚፈላ ነገር ያለ ድምፅ ሰምቷል። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1800 አሳወቀ። በ1957 በፓሪስ ዡርኖና ኤይሪየስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአንድን መስማት የተሳነው ሰው ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀስቅሰው ድምፅ አሰሙት። ነገር ግን ድምፅ መስማት ሌላ፣ ንግግር መረዳት ሌላ ነው።

ንግግርን የመረዳቱን ቁልፍ ይዘው የቆዩት የስልክ መሐንዲሶች ነበሩ። ስልክን በ1876 ያስመዘገበው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ራሱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች መምህር ነበር፤ እናቱም ባለቤቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። በኋላ በ1930ዎቹ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሆመር ደድሊ የተባለ መሐንዲስ የሰውን ንግግር ከቀጭን እስከ ወፍራም በአሥር ያህል ክፍል ከፋፍሎ በመላክ፣ በወዲያኛው ጫፍ ገጣጥሞ የሚሰማ ንግግር ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። የእርሱ ሐሳብ የስልክ መስመርን ለመቆጠብ ነበር። ዕውቀቱ አንድ ቀን ለደንቆሮ ልጅ ጆሮ እንደሚያገለግል ያኔ ማን ያስብ ነበር!

ከሐኪምነት ወደ ተማሪነት

አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ የፋርማሲ ባለሙያ ልጅ ነው። አባቱ በደንብ ስለማይሰሙ ደንበኞቻቸው በሰው ፊት ሊናገሩት የሚያሳፍራቸውን ጭምር ጮኸው ለመናገር ይገደዱ ነበር። ልጁ ይህን እያየ አደገና የጆሮ ቀዶ ሐኪም ሆነ። ሆኖም በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራውን ትቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በተማሪነት ተመለሰ። በ1969 ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ ለአንድ ኤሌክትሮድ የሚሰጥ ፈጣን ምት ብቻውን ንግግርን እንደማያስተላልፍ፣ በኮክሊያው ውስጥ በተለያየ ቦታ የሚያርፉ ብዙ ኤሌክትሮዶች እንደሚያስፈልጉ አመለከተ።

ግን ሽቦውን ሳያቆስሉ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ እንዴት ማስገባት ይቻላል? ክላርክ በ1977 በባሕር ዳርቻ ሳለ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አንስቶ የሣር ዘንግ አስገባበት። ጫፉ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንከር ያለ ሣር ያለ ችግር ዘልቆ ገባ። ሽቦውም በዚሁ አምሳል ተሠራ። በነሐሴ 1978 በሜልበርን በመኪና አደጋ መስማት ላጣ አንድ ጎልማሳ ተተከለለት።

የቪየናዋ ተማሪ

በዚያው ዘመን በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ኢንጌቦርግ ሆኽማየር የተባለች ወጣት በዚሁ ጥያቄ ላይ ትሠራ ነበር። ከኤርቪን ሆኽማየር ጋር ሆና የሠራችው ባለ ስምንት መስመር መሣሪያ በታኅሣሥ 1977 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ጆሮ ውስጥ ተተከለ። እርሷም በ1979 ዶክትሬቷን ስትቀበል በዚያ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። “ይህ የሴት ሙያ አይደለም” እየተባሉ ከሒሳብና ከፊዚክስ የሚሸሹ እህቶቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

ተራ በተራ መናገር

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ብዙ ኤሌክትሮዶች ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ኤሌክትሪኩ እርስ በርሱ ይደባለቃል። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ሸንጎ ሁሉም ባንድ አፍ ቢናገር ፍርድ እንደማይገኝ ሁሉ፣ ነርቩም የሚይዘውን ያጣል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ብሌክ ዊልሰንና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ጥናት ኤሌክትሮዶቹን በከፍተኛ ፍጥነት ተራ በተራ እንዲናገሩ አደረጉ። የብዙ ተጠቃሚዎች ንግግር የመረዳት ችሎታ በእጅጉ ተሻሻለ። ሦስቱ ተመራማሪዎች፣ ክላርክ፣ ሆኽማየርና ዊልሰን፣ በ2013 የላስከር ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል። እስከ 2019 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ከ7 መቶ ሺህ በላይ መሣሪያዎች ተተክለዋል።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። ከጆሮ ጀርባ የሚደረገው ድምፁን ተቀብሎ ይከፋፍላል፤ ቆዳ ሳይበሳም በሬዲዮ ሞገድ ኃይልንና መልእክትን አንድ ላይ ወደ ውስጥ ይልካል። ከቆዳ ሥር ያለው ተቀብሎ ለኤሌክትሮዶቹ ያድላል።

ለወላጆችና ለወጣቶች

እውነቱን መደበቅ አንሻም። መሣሪያው ዋጋው ውድ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ የወራትና የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ነርቩ ለተጎዳ አይጠቅምም፤ የአላህን ስጦታ የሆነውን ጆሮም ሙሉ በሙሉ አይተካም። ስለዚህ የምልክት ቋንቋ መማር ሽንፈት አይደለም። ደንቆሮ ልጅ ኀፍረት ሳይሆን አማና ነው። ትምህርት፣ ዲኑን ማወቅና ከሰው ጋር መቀላቀል መብቱ ነው።

ወላጆች ሆይ! ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። ሕፃኑ ከጀርባው ስታጨበጭቡ ካልደነገጠ “ሲያድግ ይተወዋል” ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ አንጎል ንግግርን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና። መግል የሚያፈስ ጆሮን ችላ አትበሉ። አገራችን የማጅራት ገትር በሽታ በሚያጠቃው የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ስለሆነች፣ ከዚህ በሽታ የዳነ ልጅ የመስማት ምርመራ ሳይውል ሳያድር ይደረግለት።

ወጣቶች ሆይ! በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ የሚጀምረው ዛሬ በደብተራችሁ ካለው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበር፣ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለውም ማስተማራቸውን እናውቃለን። መድኃኒቱ ካለ ፈላጊ ያስፈልገዋል። ከእናንተ መካከል ማዕረጉን ሳይሆን ጥያቄውን የሚይዝ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ነገ የአንዲት እናት ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፤ ያልሰማውንም አዛን ይሰማል።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፣ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። አሚን።