ሆሎግራም፦ ሙሉውን መልክ የሚጽፍ ብርሃን

በ1964 ዓ.ም. በጸደይ ወራት የአሜሪካ የብርሃን ጥናት ማኅበር በዋሽንግተን ከተማ ጉባኤ አድርጎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በጉባኤው ሰሞን በአንድ የሆቴል ክፍል ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ ይታይ ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሁሉ ብርሃንንና መነጽርን ሲመረምሩ የኖሩ ሊቃውንት ነበሩ። ተራቸው ደርሶ በገቡ ጊዜ በቀይ ብርሃን የበራ አንድ ጠፍጣፋ መስተዋት አዩ። በመስተዋቱ ላይ የተሣለ ነገር አልነበረም፤ እንደ መስኮት አሻግረው ሲመለከቱ ግን ከበስተኋላው የልጆች መጫወቻ የሆነ ባቡር ቆሞ ይታያቸዋል። ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ባደረጉ ቍጥር ተሸፍኖ የነበረው የባቡሩ ጐን ይገለጥላቸዋል። አንዳንዶቹም ባቡሩ የት እንደ ተደበቀ ጠየቁ።

ባቡሩ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ቀድሞ ከባቡሩ ላይ ነጥሮ የመጣው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ተጽፎ ኖሮ፥ ዳግመኛ ሲበራበት እንደ ገና ተነሥቶ ወደ ተመልካቹ ዐይን ይጓዝ ነበር። ይህን የመሰለው ጽሕፈት ሆሎግራም ይባላል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ሙሉ ጽሕፈት» እንደ ማለት ነው።

ትርኢቱ አስደናቂ መሆኑ አያጠራጥርም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሐሳቡ በዚያን ጊዜ አዲስ አለመሆኑ ነው። ከ17 ዓመት በፊት ታስቦ፥ ተሞክሮ፥ በታወቀ መጽሔት ታትሞ፥ ከዚያም ለሥራ የማይመች ነው ተብሎ ወደ ጐን ተትቶ ነበር። ጐድሎት የነበረው የሚስማማው ብርሃን ብቻ ነው።

ፎቶግራፍ የሚያስቀረው ነገር

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ፎቶግራፍ ምን እንደሚሠራ ማስታወስ ይገባል። ብርሃን በውሃ ላይ እንደምናየው ሞገድ ከፍ ዝቅ እያለ የሚጓዝ ነው። ከአንድ ዕቃ ላይ ነጥሮ ወደ ዐይናችን ሲመጣም ሁለት ወሬ ይዞ ይመጣል። አንደኛው ብርታቱ ነው፤ ይህም የዕቃው የትኛው ክፍል ብሩህ፥ የትኛው ጨለማ እንደ ሆነ ይነግረናል። ሁለተኛው የሞገዱ ተራ ነው፤ ይኸውም ሞገዱ በሚደርስበት ጊዜ በከፍታው ላይ ነው ወይስ በዝቅታው ላይ የሚለው ነው። ከቅርብ የመጣና ከሩቅ የመጣ ሞገድ በልዩ ልዩ ተራ ስለሚደርሱ፥ የዕቃው ርቀትና ቅርጽ ተመዝግቦ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ወሬ ውስጥ ነው።

የፎቶግራፍ ፊልም የሚቀበለው የመጀመሪያውን ወሬ ብቻ ነው። በፊልሙ ላይ የተቀባው መድኃኒት ብርሃን ሲበረታበት ይጠቍራል፥ ሲደክምበት ሳይጠቍር ይቀራል፤ የሞገዱን ተራ ግን አይለይም። ስለዚህ ፎቶግራፍ የቱን ያህል ቢያምር ጠፍጣፋ ነው። በጉርድ ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ሰው ጆሮ በሚገባ ለማየት አንገታችንን ብናዘነብል የምናገኘው ትርፍ የለም።

የዶክተር ጋቦር ሐሳብ

ዴኒስ ጋቦር በ1900 ዓ.ም. በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለዱ። በበርሊን ተምረው በዚያው ይሠሩ ነበር፤ ሂትለር በ1933 ሥልጣን በያዘ ጊዜ ግን ጀርመንን ለቀው ወጡ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በራግቢ ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥራ ያዙ።

በዚያ ሳሉ የሚያሳስባቸው ጉዳይ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበር። ይህ መሣሪያ በተራ አጉሊ መነጽር የማይታዩትን ረቂቅ ነገሮች ያሳያል፤ ነገር ግን በውስጡ እንደ መነጽር የሚያገለግለው ክፍል ጕድለት ስለ ነበረበት ምስሉ ይደበዝዝና አቶምን እስከ ማሳየት አይደርስም ነበር። በ1947 በፋሲካ ዕለት ዶክተር ጋቦር በቴኒስ ሜዳ አጠገብ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። መነጽሩን ማረም ካልተቻለ፥ የደበዘዘውን ምስል ከነሙሉ ወሬው መዝግቦ ኋላ በብርሃን ማረም አይቻልምን?

ሙሉውን ወሬ ለመመዝገብ የፈጠሩት ዘዴ እንደሚከተለው ነው። ጸጥ ባለ ኩሬ ላይ ሁለት ድንጋይ ጐን ለጐን ቢጣል ከሁለቱ የሚነሡት ክብ ሞገዶች ይገናኛሉ። ከፍታ ከከፍታ ጋራ ሲገናኝ ውሃው ይበልጥ ይነሣል፤ ከፍታ ከዝቅታ ጋራ ሲገናኝ ይጠፋፋሉ። የብርሃንም ጠባይ እንዲሁ ነው። ከዕቃው ነጥሮ የመጣው ብርሃን ዕቃውን ካልነካ ሌላ ብርሃን ጋራ በፊልሙ ላይ ሲገናኝ፥ በሚደጋገፉበት ስፍራ ብሩህ፥ በሚጠፋፉበት ስፍራ ጨለማ መስመር ይሠራሉ። በዚህም ዘዴ ፊልሙ የማያውቀው የሞገድ ተራ ወደሚያውቀው ወደ ብርሃንና ጥላ ተተርጕሞ ይጻፍለታል። ኋላ ያ ሁለተኛው ብርሃን ብቻውን በፊልሙ ላይ ሲበራ፥ መስመሮቹ መንገዱን እያጣመሙ ከዕቃው መጥቶ የነበረውን ሞገድ መልሰው ያበጁታል።

ዶክተር ጋቦር የሥራቸውን ውጤት በ1948 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ለሙከራው የመረጡት ምስል የሦስት ሊቃውንት ስም የተጻፈበት ትንሽ ጽሑፍ ነበር፤ እነርሱም ብርሃን ሞገድ መሆኑን ያስተማሩት ሃይገንስ፥ ያንግና ፍሬኔል ናቸው።

ነገር ግን ሥራው ከዚህ ብዙ አላለፈም። ሁለቱ ብርሃኖች በሚገባ ይገናኙ ዘንድ በሰልፍ እንደሚሄድ ወታደር እርምጃቸውን አስተካክለው መጓዝ አለባቸው። የተራ መብራት ብርሃን ግን በገበያ ቀን እንደሚተራመስ ሕዝብ ነው። ዶክተር ጋቦር የተጠቀሙበት የሜርኩሪ መብራት የተሻለ ቢሆንም እርምጃውን የሚጠብቀው ለአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል ርቀት ብቻ ነበር። ከዚህም በላይ መንታ የሆነ ሌላ ምስል በዋናው ላይ እየተደረበ ያበላሸው ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጉዳዩን ይከታተሉ ከነበሩት ጥቂት ሊቃውንት አብዛኞቹ ተስፋ ቈርጠው ተዉት።

ብርሃኑ ሲገኝ

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኤሜት ሌይት የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ስለ ራዳር ያጠኑ ነበር። የአውሮፕላን ራዳር በፊልም ላይ የመዘገበውን የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን አማካይነት ወደ ምድር ሥዕል ለመለወጥ ሲደክሙ፥ ሳያውቁት ከጋቦር ሐሳብ ደረሱ። የጋቦርን ጽሑፍ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። ከላትቪያ ተሰደው ከመጡት ከጁሪስ ኡፓትኒክስ ጋራ ሆነውም ሁለቱን ብርሃኖች ከተለያየ አቅጣጫ በማምጣት መንታው ምስል ከዋናው እንዲለይ አደረጉ። ይህንንም በ1962 አሳተሙ።

በ1960 ደግሞ ቴዎዶር ማይማን በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር አብርተው ነበር። የሌዘር ብርሃን አንድ ቀለም ብቻ ያለው፥ ሞገዶቹም እርምጃቸውን ጠብቀው የሚጓዙ ነው። ዶክተር ጋቦር በ1947 ያጡት ብርሃን ይኸው ነበር። ሌይትና ኡፓትኒክስ ባቡሩን በዚህ ብርሃን አነሡት፤ ሊቃውንቱንም በዋሽንግተን አሰለፈ። ዶክተር ጋቦር ሐሳቡ በመጣላቸው በ24 ዓመት፥ ማለት በ1971፥ የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ብቻቸውን ተቀበሉ።

እንዴት ይነሣል?

የሌዘሩ ጨረር ከፊሉን አሳልፎ ከፊሉን በሚመልስ መስተዋት ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጨረር በዕቃው ላይ በርቶ፥ ከዚያ ነጥሮ መድኃኒት ወደ ተቀባው የፎቶግራፍ መስተዋት ይሄዳል። ሁለተኛው ዕቃውን ሳይነካ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። እንደ ካሜራ ምስሉን ሰብስቦ የሚያሳርፍ መነጽር አያስፈልግም። መስተዋቱ በመድኃኒት ታጥቦ ሲወጣ ዐይን የሚያየው ግራጫ ጉም የመሰለ ነገር ነው፤ መስመሮቹ እጅግ ቀጫጭን ከመሆናቸው የተነሣ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ከ1,000 በላይ ሊገኙ ይችላሉ።

እንግዲህ ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ መገመት አያስቸግርም። ዕቃው ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ እንኳ ቢነቃነቅ መስመሮቹ ይደመሰሳሉ። የሰው እርምጃ ወይም በመንገድ የሚያልፍ መኪና የቀኑን ድካም ሊያበላሽ ስለሚችል፥ መሣሪያዎቹ በአሸዋ ወይም አየር በተነፋ ጐማ ላይ በሚያርፍ ከባድ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። የሚተነፍስ ሰው በዚህ አኳኋን ሊነሣ አይችልም ነበር፤ በ1967 ግን እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ በሚጠፋ ሌዘር የሰው መልክ ለማንሣት ተቻለ።

ሆሎግራም ሌላም እንግዳ ጠባይ አለው። ፎቶግራፍ ለሁለት ቢቀደድ አንዱ ክፍል ራሱን፥ ሌላው እግሩን ይዞ ይቀራል። እንደ ባቡሩ ያለው ሆሎግራም ቢሰበር ግን ስባሪው ሙሉውን ዕቃ ያሳያል። የዕቃው ብርሃን በመስተዋቱ ሁለንተና ላይ ስላረፈ፥ እያንዳንዱ ስባሪ እንደ ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቱ ሲጠብ የሚቀነሰው ተመልካቹ ዘንበል ቀና እያለ ማየት የሚችልበት ስፋትና የምስሉ ጥራት ነው።

በሌኒንግራድ የተደረገው

ሆሎግራም ተራ መብራት እንዲበቃው ያደረጉት ሩሲያዊው ዩሪ ዴኒሲዩክ ናቸው። እርሳቸውም በሌኒንግራድ በሚገኘው የብርሃን ጥናት ተቋም ሳሉ፥ ከሚሺጋኖቹ ጋራ ሳይተዋወቁ፥ በ1962 ሌላ ዘዴ አሳተሙ። በዚህ ዘዴ አንዱ ብርሃን ከመስተዋቱ ፊት፥ ሌላው ከኋላ ይመጣል፤ መስመሮቹም እንደ መጽሐፍ ገጽ በመድኃኒቱ ውፍረት ውስጥ ይደራረባሉ። ነጭ ብርሃን ሲበራበት የሚስማማውን ቀለም ብቻ መርጦ ይመልሳል። ስለዚህ የሚያየው ሰው ሌዘር አያስፈልገውም፤ የፀሐይ ወይም የአምፑል ብርሃን ይበቃዋል።

የዴኒሲዩክ ሥራ በመጀመሪያ በአገራቸው ሊቃውንት ዘንድ የተቀበለው አልነበረም። የአሜሪካኖቹ ትርኢት ከተሰማ በኋላ ግን ዋጋው ታወቀና በ1970 የሌኒን ሽልማት ተሰጣቸው። በሶቪየት ኅብረትም ከቤተ መዘክር ሊወጡ የማይገባቸው ውድ ቅርሶች በዚህ ዘዴ እየተነሡ ሆሎግራማቸው ለሕዝብ ይታይ ነበር።

እንደ ማኅተም

ሆሎግራምን ከቤተ ሙከራ አውጥተው በሰው ኪስ ያስገቡት አሜሪካዊው ስቲቨን ቤንተን ናቸው። በ1968 ምስሉ ከላይና ከታች የሚታይበትን ጥልቀት ትተው የግራና የቀኙን ብቻ በማስቀረት፥ በተራ ብርሃን በቀስተ ደመና ቀለም የሚያበራ ሆሎግራም ሠሩ። የዚህ ዓይነቱ ሆሎግራም መስመሮች ወደ ብረት ቅርጽ ሊገለበጡ ይችላሉ፤ ብረቱም በቀጭን ፕላስቲክ ላይ እየተጫነ በሚሊዮን የሚቈጠር ቅጂ ያትማል።

ማኅተም የሚመታና ሰነድ የሚመረምር የመሥሪያ ቤት ሰው የዚህን ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል። ማባዣ መኪና ቀለምን እንጂ ጥልቀትን አይቀዳም። በ1983 ማስተርካርድ በባንክ ካርዶቹ ላይ ሆሎግራም አደረገ፤ በመጋቢት 1984 «ናሽናል ጂኦግራፊክ» የተባለው መጽሔት በሽፋኑ ላይ የንስር ሆሎግራም ይዞ ወጣ፤ በ2002 መታየት የጀመረው የዩሮ ገንዘብም ይህንኑ መጠበቂያ ይዟል። አንባቢያችን የሚያብረቀርቅ ምልክት ያለበት ካርድ ቢኖራቸው በመብራት ሥር ወዲህና ወዲያ እያዘነበሉ ይመልከቱት።

ስሙን የተዋሱ ትርኢቶች

ዛሬ በቴሌቪዥንና በመድረክ ላይ ሆሎግራም እየተባለ የሚታየው ሁሉ ሆሎግራም አይደለም። በ2012 በካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ በዓል ላይ፥ በ1996 የሞተው ዘፋኝ ቱፓክ ሻኩር በመድረክ ሲዘፍን ታየ፤ ዜናውም ሆሎግራም ነው ተብሎ ተሠራጨ። ይህ ግን በ1862 በለንደን ከተማ ጆን ፔፐር መንፈስ የመሰለ ምስል በቴያትር ያሳዩበት ዘዴ ነው፤ ዘንበል ብሎ በቆመ ግልጽ መጋረጃ ላይ ከተሰወረ ስፍራ የሚመጣ ምስል ይንጸባረቃል። በ2008 በአሜሪካ የምርጫ ሌሊት ሲ ኤን ኤን ያሳያት ሴት ጋዜጠኛም በብዙ ካሜራ ተነሥታ በምስሉ ላይ የተገጠመች ነበረች፤ በስቱዲዮው የቆመው ባልደረባዋ በዐይኑ ፊት አላያትም።

መለያው ቀላል ነው። እውነተኛ ሆሎግራም ተመልካቹ ከስፍራው ሲንቀሳቀስ ተሸፍኖ የነበረውን ጐን ይገልጣል። የመድረኩ ምስል ግን ከሁሉም አቅጣጫ አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው።

ገና የቀረው ሥራ

እውነተኛው የሚንቀሳቀስ ሆሎግራም ለምን በየቤታችን እንዳልገባ ሒሳቡ ያስረዳል። ስፋቱ 10 በ10 ሴንቲሜትር በሆነ መስተዋት ላይ በአንድ ሚሊሜትር 1,000 ነጥብ ቢጻፍ በጠቅላላው 10 ቢሊዮን ነጥብ ይሆናል። ባለ 1920 በ1080 ነጥብ ቴሌቪዥን የሚያሳየው 2 ሚሊዮን ያህል ነው። ያ ትንሽ መስተዋት እንግዲህ ወደ 5,000 እጥፍ ይፈልጋል፤ ይህም ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ መለወጥ አለበት። ቤንተንና ተማሪዎቻቸው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አነስተኛ የሚንቀሳቀሱ ሆሎግራሞች አሳይተዋል፤ ሰፊው ግን ገና ብዙ ድካም ይጠብቀዋል።

ዶክተር ጋቦር በመጀመሪያ የተመኙት የኤሌክትሮን ጉዳይስ ምን ሆነ? እርሱም አልቀረም። ሥርዐት ያለው የኤሌክትሮን ጨረር ከተገኘ በኋላ ጃፓናዊው አኪራ ቶኖሙራ በኤሌክትሮን ሆሎግራም ታላላቅ ምርምሮችን አደረጉ። ጋቦር በ1979 በለንደን ሲያርፉ፥ በ1950ዎቹ ተዘግቶ የነበረው ጉዳያቸው በሁለት በኩል ተከፍቶ ነበር።

ሌይት የማያውቁትን ሰው ጽሑፍ አግኝተው ሊያነቡት የቻሉት፥ ጋቦር ያልተሳካላቸውን ሙከራ ከነጕድለቱ በግልጽ ጽፈው ስላሳተሙት ነው። ዛሬም ለሚንቀሳቀሰው ሆሎግራም ሒሳቡ ታውቋል፤ መሣሪያው ግን ገና ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል ፊዚክስን የሚማር ወጣት ቢኖር፥ ሥራው ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።